የሐሳብ ካርታ ስላችሁ ፈተና ላይ ለምትረሱ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ችግር፦ ካርታው ያምራል፤ ፈተና ላይ ግን ትዝ የሚል ነገር የለም።

ጅማ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪዎችን ሳስጠና ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ተማሪዋ ሙሉ ቅዳሜዋን ሰጥታ፣ በአራት ቀለም እስክሪብቶ የሠራችውን የሐሳብ ካርታ (ማይንድ ማፕ፦ ርዕሱ መሃል ላይ ተጽፎ ንዑስ ሐሳቦቹ እንደ ቅርንጫፍ የሚወጡበት ሥዕል) ይዛ ትመጣለች፤ ወረቀቱን ገልብጬ «እስቲ ከመሃሉ የወጡትን ቅርንጫፎች ንገሪኝ» ስላት ግን ከሁለት አታልፍም። ስንፍና የለባትም፤ የደከመችው ድካም እውነተኛ ነው።

መንስኤው ካርታው የተሣለው ሃንድአውቱ ፊቷ ተዘርግቶ እያለ መሆኑ ነው። ዓይን ከገጹ ያነሳውን እጅ ወረቀቱ ላይ ሲያሰፍር አእምሮ ፈልጎ የሚያወጣው ነገር አይኖረውም፤ ፈተና የሚጠይቀው ደግሞ ያንኑ ፈልጎ ማውጣትን ነው። ጄፍሪ ካርፒክና ጃኔል ብላንት በ2011 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፉን እያዩ የሐሳብ ካርታ ዘመድ የሆነውን የፅንሰ ሐሳብ ካርታ ከሠሩት ይልቅ፣ ካነበቡ በኋላ ያስታወሱትን በቃላቸው የጻፉት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተዋል።

መፍትሔው ካርታውን በቃል መሣል ነው። አንድ ርዕስ አንብባችሁ ሃንድአውቱን ክደኑና ባዶ ሉክ ላይ የምታስታውሱትን ብቻ በሰማያዊ ሳሉ። እጃችሁ ሲቆም ወዲያው አትግለጡ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሉ። ከዚያም የጎደለውንና የተሳሳተውን በቀይ አስተካክሉ። በማግስቱ የትናንቱን ሳታዩ እንደገና ስትስሉ ቀዩ ካልቀነሰ፣ ጥናቱ የሚያስፈልገው እዚያው ቀዩ ላይ ነው።

ችግር፦ ርዕሱ ሳይጋመስ ወረቀቱ ይሞላል።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፦ በየቅርንጫፉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍና የሃንድአውቱን የገጽ ቅደም ተከተል እንዳለ መከተል። የሐሳብ ካርታን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን በአንድ መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ እንዲጻፍ ይመክር ነበር፤ በዚህ ነጥብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ከጅማ ቡና የቀረበ ምሳሌ ስለሌለ በእሱ ላሳያችሁ። አንድ የግብርና ተማሪ መሃል ላይ «የቡና በሽታ» ብሎ፣ በሽታዎቹን በሃንድአውቱ ተራ እየዘረዘረ ለእያንዳንዱ አንድ አንቀጽ ገልብጦ ነበር። ያን ትተን ቅርንጫፎቹን በሽታው በሚታይበት የተክሉ ክፍል ከፈልናቸው፦ ፍሬ፣ ቅጠል፣ ግንድ። ከፍሬ «ጥቁር፣ ስርጉድ» የሚል ወጣ፤ ይህ በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የታወቀው፣ አረንጓዴውን ፍሬ የሚያጠቃው በሽታ ነው። ከቅጠል «ብርቱካናማ ዱቄት» ወጣ፤ ይህ በቅጠሉ ሥር የሚታየው ዋግ ነው። ከግንድ ደግሞ «ቁስል» የሚለው ብቻ በቂ ሆነ፤ ምክንያቱም ዛፉን የሚያጠወልገው ፈንገስ በአረም ጊዜ ወይም ቅርንጫፍ ሲገረዝ በስለት በተፈጠረ ቁስል ሊገባ ይችላል። አንድ ገጽ ሙሉ የነበረው ጽሑፍ ከዐሥር ባነሱ ቃላት ተያዘ፤ ተማሪውም ከእያንዳንዱ ቃል ተነሥቶ ሙሉውን ነገር በራሱ አንደበት ማብራራት ቻለ። ማብራራት ያቃተው ቃል ቢኖር ኖሮ፣ ቃሉ ገና አልተጠናም ማለት ነበር።

ችግር፦ ትምህርቱ በካርታ አልያዝ ይላል።

የሒሳብ ስሌት ወይም ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ሂደት ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ መሣሪያው አይስማማውም። ስሌትን ጥያቄ በመሥራት፣ ሂደትን በተራ ቁጥርና በቀስት፣ ሁለት ነገሮችን ማነጻጸርን ደግሞ በሰንጠረዥ አጥኑ።

ችግር፦ በቡድን ሲሠራ ከአንዱ በቀር ማንም አይዝም።

እስክሪብቶውን የያዘው ብቻ ስለሚያስብ ነው። ሁሉም ለየብቻው በቃሉ ይሣልና ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ካርታዎቹ በተለያዩበት ቦታ ሃንድአውቱን ከመግለጣችሁ በፊት እያንዳንዱ የራሱን ምክንያት ያስረዳ።