ቤልጂየም ድንበር ላይ ብስክሌት ለመንዳት ላሰባችሁ

ቤልጂየም ወይም ሆላንድ ያላችሁ፣ ያለ መኪና ስጋት ብስክሌት መንዳት ካማራችሁ ከቱርንሃውት (ቤልጂየም) ወደ ቲልበርግ (ሆላንድ) የሚወስደውን መንገድ ሞክሩት። እ.ኤ.አ. በ1867 የተከፈተ የባቡር መስመር ነበር፤ ዛሬ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ባቡር ይሄድበት ስለነበር ዳገት የለውም ማለት ይቻላል፤ ለልጆችም ይመቻል።

ዋናው ምክሬ ግን ይሄ ነው። መገንጠያዎቹ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት አለ፤ ቀስቱ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይመራችኋል። (ዘዴው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 እዚያው ቤልጂየም፣ ሊምበርግ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው።) ከመነሳታችሁ በፊት የምታልፉባቸውን ቁጥሮች በተርታ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉና ወረቀቱን መሪው ላይ በፕላስተር ለጥፉት። በየመገንጠያው ቆሞ ስልክ ማውጣት ይቀራል። ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ስክሪኑ አልነካ ሲለኝ መንገዴን ያገኘሁት በዚች ብጣሽ ወረቀት ነው።

መሃል ላይ ባርለ ስትደርሱ ውረዱና በእግር ዙሩ። ከተማዋ ለሁለት አገር ተሸንሽናለች፤ መሬት ላይ የተነጠፉትን ነጭ የመስቀል ምልክቶች ብትከተሉ ድንበሩ ቤት መሃል ሲገባ ታያላችሁ። ደስ ይላል!

ከቲልበርግ በባቡር ለመመለስ ለብስክሌቱም ትኬት ቁረጡ። በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ብስክሌት ስለማያስገቡ ቅዳሜ ወይም እሁድ ይሻላል።