ጉብታ ላይ መኪናው ለብቻው ሲታጠፍ

መሪውን ሳትነካው፣ ጎማው ጉብታ በመታ ቁጥር መኪናው ወደ ጎን ሸርተት የሚልብህ ከሆነ ወዲያው አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ለማሠራት አትሩጥ። መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ለካ። ቴስቲናዎቹንም (መሪውን ከጎማው የሚያገናኙት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያሉትን መጋጠሚያዎች) ነቅንቃቸው፤ ልቅ ካሉ እነሱን ሳትቀይር የምትለካው ሁሉ ያሳስትሃል።

ከዚያ መሪውን ቀጥ አድርገህ እሰረውና በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ስር መሃላቸው ግሪስ የተቀባ ሁለት ፕላስቲክ ደርበህ አንጥፍ፣ ጎማው እንደልቡ እንዲዞር። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት በጎማዎቹ የፊት ጠርዝም የኋላ ጠርዝም በእኩል ቁመት ለካ። አሁን ቦዲውን በክሪክ 5 ሳንቲ ሜትር አንሳ፤ ጎማዎቹ መሬት ይንኩ፣ አንተ ግን ከስር እንዳትገባ! ደግመህ ለካ። የፊቱና የኋላው ልዩነት በብዙ ሚሊ ሜትር ከተለወጠ ችግሩ ተገኘ፦ ቦዲው ከፍ ዝቅ ሲል ጎማዎቹ አቅጣጫ ይቀይራሉ። እኔ ቅድሚያ የምጠረጥረው ከፍ እንድትል ስፔሰር የገባላትን መኪና ነው፤ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ከልክ በላይ ያዘነብላል።