ከካንት ጋር ያስታረቀኝ ባለሱቅ

የጀርመናዊውን ፈላስፋ የካንትን «የሥነ ምግባር ሜታፊዚክስ መሠረት» ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጥዬዋለሁ። በ1785 እ.ኤ.አ. የወጣ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ቅጥነቱ ግን ያታልላል። ሁሌ የምሸነፈው መቅድሙ ላይ ነበር።

በአራተኛው ሙከራ መቅድሙን ዘለልኩት። በቀጥታ ክፍል 1 ውስጥ ያለው ባለሱቅ ጋ ሄድኩ። ይህ ሰው ዋጋ የማያውቅ ልጅ ቢመጣም አያታልልም፤ ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው። ታዲያ ጥሩ ሰው ነው? ካንት አይቸኩልም። ባለሱቁ እንዲህ የሚያደርገው ለገበያው ብሎ ከሆነ፣ ሥራው ከግዴታ ጋር ይስማማል እንጂ ከግዴታ የመነጨ፣ ማለትም ትክክል ስለሆነ ብቻ የተደረገ፣ አይደለም። እዚህ ጋ በራልኝ። «የሚስማማ» እና «የመነጨ» ብዬ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ዕልባት አደረግኩት። ግራ ሲገባኝ ወረቀቷን አያለሁ።

ክፍል 2 ላይ እንደማይከፍል እያወቀ «እመልሳለሁ» ብሎ የሚበደር ሰው አለ። ካንት «ሁሉም እንዲህ ቢያደርግስ?» ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ «አበዳሪዎች ይጎዳሉ» ማለቱ መስሎኝ ነበር። ለካ አይደለም! ሁሉም ቢዋሽ ቃል የሚያምን ይጠፋል፤ ያኔ የውሸት ቃሉም አይሠራም። ሐሳቡ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ይህን አንድ ገጽ ለማንበብ አንድ ምሽት ፈጅቶብኛል፣ አልቆጨኝም።

መቅድሙን መጨረሻ ላይ ተመልሼ አነበብኩት፤ ያን ያህል አልከበደኝም። ስለ ነፃነት የሚያወራው ክፍል 3 ግን አሁንም ያልበኛል። እዚያ ካንት ራሱ ክርክሩ ዞሮ እዚያው የገባ እንደሚመስል ይናገራል። ቢያንስ ብቻዬን አይደለሁም።