በእጅ የተሰራ አውሮፕላን ያላችሁ፣ ሰው እንዴት ታሰባስባላችሁ?

አሜሪካ ተቀምጠህ ኪት (ተበታትኖ በሳጥን የሚመጣ፣ ራስህ የምትገጣጥመው አውሮፕላን፣ አርቪ የሚባለው ዓይነት ምናምን) አዘህ ጋራዥህ ውስጥ ላሜራ እየበሳህ ከሆነ፣ ወይ ደግሞ ሌላ ሰው ሰርቶ የጨረሰውን ገዝተህ ከሆነ ይሄ ላንተ ነው (ላንቺም ነው፣ በአንተ ስጽፍ እንዳትቀየሚኝ)። ብቻውን ሰርቶ የጨረሰ ሞልቷል። ግን ስራው ዓመታት ይፈጃል፣ በመሀል ልጅ ይወለዳል፣ ስራ ይቀየራል፣ ኪቱ ጥግ ይዞ አቧራ ይለብሳል፣ ግማሽ የደረሰ ኪት የሚሸጥበት ማስታወቂያ ደግሞ ሁሌም አይጠፋም። ሰው ካለህ አትተወውም፣ ወይ ቢያንስ ቶሎ አትተወውም።

መጀመሪያ የማታደርገውን ልንገርህ። ማህበር አታቋቁም። እኛ ሀበሾች ልማዳችን ይታወቃል፣ አምስት ሰው ከተገናኘ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ መተዳደሪያ ደንብ ይረቀቃል፣ ከዛ ዓመት ሳይሞላ ተኮራርፎ ይበተናል። ሰው የሚሰበሰበው ያላለቀ ስራ ዙሪያ ነው፣ እንደ ደቦ በለው፣ ዛሬ ያንተ ክንፍ፣ በሚቀጥለው የሱ የነዳጅ ታንክ። ኢኤኤ (የአሜሪካው የአውሮፕላን ሰሪዎች ማህበር) ራሱ እኮ በ1953 ሚልዋኪ ውስጥ ነው የተጀመረው፣ ፖል ፖበረዝኒና እንደሱ አውሮፕላን በእጃቸው የሚሰሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው የጀመሩት፣ ለዓመታትም ቢሮው የፖበረዝኒ ቤት ቤዝመንት ነበር። ዛሬ 900 አካባቢ ቻፕተር (የአካባቢ ቅርንጫፍ) አለው፣ ስለዚህ አዲስ ነገር ከመፍጠርህ በፊት አጠገብህ ያለውን ቻፕተር ፈልገህ ሂድ። አብዛኛው ሰው ሽማግሌ ነጭ ጡረተኛ ሊሆን ይችላል፣ አይደብርህ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ እስክትጠይቃቸው ነው እንጂ ከዛ በኋላ ዝም በሉ ብትላቸውም አይሉም።

አሁን ሰው የምትጠራበት ምክንያት ያስፈልግሃል፣ ሪቬት (ላሜራ ከላሜራ የሚያያይዘው ሚስማር) ደግሞ ከሁሉም የተሻለው ምክንያት ነው። የክንፍ ቆዳ ላይ ብዙ ቦታ ብቻህን አትደርስም፣ አንዱ ከውጭ ሪቬቱን የሚመታውን ሪቬት ጋን ይይዛል፣ ሌላው ክንዱን ከውስጥ አስገብቶ የሪቬቱ ጫፍ የሚጨፈለቅበትን ብረት፣ ባኪንግ ባሩን፣ ይደግፋል፣ አይተያዩም፣ በድምጽ ብቻ ነው የሚግባቡት። አንዱ "ያዝኩ" ሳይል ሌላው ከተኮሰ ላሜራው ይሰረጎዳል፣ በቃ፣ ያ ጉድጓድ ዕድሜ ልክህን ይታይሃል። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ቁራጭ ላሜራ ላይ አለማምደው፣ ከውስጥ በኩል የሚጨፈለቀው ጫፍ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከፍታው ግማሽ መሆን አለበት፣ ማለትም ውፍረቱ የኢንች አንድ ስምንተኛ ለሆነ ሪቬት ወደ 4.8 ሚሊ ስፋትና 1.6 ሚሊ ከፍታ። ይሄንን በመለኪያ እያየ አስር ሃያ ሪቬት የመታ ሰው ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል፣ እመነኝ፣ ስላይድ ያሳየኸው ሰው ግን አይመጣም። አገር ቤት አስመላሽ ዘፈሩ በአብዛኛው ከዩቲዩብ ተምሮ የራሱን አውሮፕላን እንደሰራ ሰምተናል፣ ዩቲዩብ እስከዛ ያደርሳል፣ ግን ባኪንግ ባር አይዝልህም።

ለእርዳታው ብር አትክፈል። ስስት አይደለም፣ ሕጉ ከአውሮፕላኑ ስራ ከግማሽ በላዩን ለትምህርትና ለራሳቸው ደስታ ብለው የሰሩት ሰዎች እንዲሰሩት ይፈልጋል፣ 51 በመቶ የሚሉት እሱን ነው፣ ጓደኛህ በነጻ ቢረዳህ ችግር የለውም፣ ተከፍሎት የሚሰራ ሰው የሰራው ግን ካንተ ድርሻ አይቆጠርም። ምሳ አብላ፣ በቃ።

መሳሪያ ደግሞ በጋራ ግዙ። ትራፓኖና ካቻቢቴ ሁሉም አለው፣ እኔ የምለው ውድ ሆኖ አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ የሚነካውን ነው፣ ለምሳሌ አውሮፕላኑን የምትመዝንባቸው ሶስት ኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች፣ ሲሊንደር ውስጥ የምታይበት ቦርስኮፕ፣ ፕሮፔለር ባላንስ የሚያደርገው ዕቃ። አንድ ደብተር ሃንጋሩ (የአውሮፕላኑ ማቆሚያ ቤት) በር ላይ ስቀሉ፣ ማን ወሰደ፣ መቼ ይመልሳል። በመሳሪያ ነው ሰው የሚጣላው፣ ደብተሩን አትናቁት።

ለማግኘት ከሁሉም ከባዱ ነገር ሃንጋር ነው፣ ብዙ ኤርፖርት ላይ ተራ መጠበቅ አለ። ማኔጀሩ "ሃንጋር ለሚበር አውሮፕላን ነው እንጂ ለሚሰራ አይደለም" ካላችሁ፣ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ) በ2016 ባወጣውና ከጁላይ 2017 ጀምሮ በስራ ላይ ባለው ፖሊሲ መሰረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ኤርፖርት ላይ ለንግድ ያልሆነ አውሮፕላን መስራት እንደ አቪዬሽን አጠቃቀም ነው የሚቆጠረው። አንድ ሰው ሄዶ ሲናገር እንደ ጭቅጭቅ ያዩታል፣ ስድስት ተከራይ ሆናችሁ በትህትና ወረቀቱን ይዛችሁ ስትሄዱ ግን ይሰማችኋል።

ኢኤኤ ሁለት ዓይነት በጎ ፈቃደኛ አለው፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ቴክኒካል ካውንስለሩ መጥቶ ስራህን ያያል፣ ኢንስፔክተር አይደለም፣ አይከስህም፣ ክንፉን ከመዝጋትህ በፊት ጥራው። ፍላይት አድቫይዘሩ ደግሞ አውሮፕላኑን ሳይሆን አንተን ነው የሚያየው፣ በቅርቡ ምን ያህል በረሃል፣ እንደዚህ ዓይነት ቀላልና ፈጣን ነገር ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ ወይ። ሁለቱም በነጻ ናቸው። ስብስባችሁ ውስጥ እነዚህን ሁለት ሰዎች ቀድማችሁ አስገቡ።

የመጀመሪያ በረራ ቀን ላይ ደግሞ እጨቃጨቃለሁ። እባክህ ግብዣ አትጥራ። ዘመድ ካሜራ ይዞ፣ ልጆች ባንዲራ ይዘው፣ አምባሻ ተደፍቶ፣ ከዛ ነፋሱ ወደ ጎን ቢሆን ወይ የዘይት ፕሬዠሩ ትንሽ ቢያስጠረጥርህ "ዛሬ ይቅር" ለማለት አፍህ ይያዛል። ሶስት አራት ሰው ይበቃል፣ አንዱ ሬዲዮ ላይ፣ አንዱ የእሳት ማጥፊያ ይዞ መኪና ላይ፣ ሁሉም ሳትጠይቃቸው "ይቅር" ማለት የተፈቀደላቸው። ድግሱን የሙከራ ሰዓቱ ሲያልቅ አድርገው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ሰርቲፋይድ (በመንግስት የጸደቀ ዓይነት) ከሆነ 25 ሰዓት፣ ካልሆነ 40 ነው፣ እስከዛ ድረስ ሰው ጭነህ መሄድም አትችልም። ብቃት ያለው ሁለተኛ ፓይለት አብሮህ እንዲቀመጥ የሚፈቅድ ፕሮግራም ከ2014 ጀምሮ አለ፣ ግን መስፈርት አለው፣ አድቫይዘሩ ያስረዳሃል።

የሰራነው ብቻ ነን ባለቤት የምትሉ ደግሞ ተዉ። ገዝቶ የመጣውን ሰው "እሱ እኮ አልሰራውም" እያላችሁ በጎሪጥ አትዩት፣ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው። የአሜሪካው የአደጋ መርማሪ ኤንቲኤስቢ በ2012 ባወጣው ጥናት በ2011 አደጋ ከደረሰባቸው በእጅ የተሰሩ አውሮፕላኖች ውስጥ ከግማሽ በላዩ ተገዝተው የመጡ ነበሩ፣ አዲሱ ባለቤት ገና በመጀመሪያው በረራ የወደቀባቸውም አሉ። ሽቦው በየት እንዳለፈ፣ የነዳጅ መዝጊያው ለምን ወደዚህ እንደሚዞር የሚያውቀው ሰሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሸጥ ሰሪውንም በስልክ አብራችሁ ግዙት፣ በየወሩ ደውሉለት፣ ገዢውንም እሱ ከተማ ካለው ስብስብ ጋር አስተዋውቁት። ዓመታዊ ኢንስፔክሽኑንም ሰሪው ሪፔርማን ሰርተፊኬት (ለሰራው አውሮፕላን የሚሰጥ የኢንስፔክሽን ፈቃድ) ካለው ራሱ ይፈርማል፣ ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤ ኤንድ ፒ (ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን) መካኒክ ይፈልጋል። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን፣ አየር መንገድ ቤት ሰልጥነው እዚህ ኤ ኤንድ ፒ ያወጡ ልጆች አሉ፣ አንዱን ቅዳሜ ቡና ጋብዙት፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ካየ ራሱ ነው ካልሰራሁ የሚለው።

ተመሳሳይ ኪት ያላችሁ ሳጥኖቻችሁን አብራችሁ ክፈቱ። በ2023 የአርቪ ኪት አምራቹ የቫንስ በሌዘር የተቆረጡ ክፍሎች ቀዳዳቸው ላይ ሲሰነጠቁ፣ የኔ ብቻ ነው ወይስ ያንተም ማለት የቻለ ሰው ሌሊት እንቅልፍ አግኝቷል።

ሚስትና ልጆችን አትርሷቸው፣ ቅዳሜ የሚሰረቀው ከነሱ ነው። ያንግ ኢግልስ የሚባለው የኢኤኤ ፕሮግራም ከ1992 ጀምሮ ከ8 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን በነጻ ያበራል፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ በረዋል፣ በዓመት አንዴ የቤተክርስቲያን ወይ የመስጂድ ልጆችን ሰብስባችሁ ከቻፕተሩ ጋር አድርጉት። አንድ ልጅ ከወረደ በኋላ እናቱ ስለ ሃንጋር ኪራይ አትጨቃጨቅም፣ ወይ ትንሽ ትቀንሳለች።

አንድ ሰው ከወደቀ ደግሞ ቴሌግራም ላይ መላምት አትደርድሩ። ቤተሰቡም ያነባል። የኤንቲኤስቢ የመጀመሪያ ሪፖርት ብዙውን ጊዜ በወር ገደማ ይወጣል፣ ያን ጊዜ አብራችሁ አንብቡትና ያንኑ ክፍል በየራሳችሁ አውሮፕላን ላይ ከፍታችሁ እዩ።

ቀኑን ደግሞ አንዴ ወስኑና አትቀያይሩት፣ የወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ በሉት፣ ደመና ቢወርድም ቡናው አይሰረዝ፣ መብረር ካልተቻለ ካንዴላ ፈታችሁ ታጸዳላችሁ።