የእናትነት ገጻችሁን ወደ ኦንላይን ትምህርት ስትቀይሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ስለ ካሜራና ስለ መብራት ምክር የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ። በደብዛዛ ቪዲዮ ምክንያት የከሰረ ሰው አላየሁም። ስለ ልጆቻቸው ሲጽፉ ቆይተው ኮርስ መሸጥ የጀመሩ እናቶችን አግዛለሁ (አባቶችም አሉ፣ ጥቂት ናቸው እንጂ)። የሚወድቁበት ቦታ ሁልጊዜ ያው ነው።

ከሁሉም የሚያንጨረጭረኝ «ለእኔ ልጅ ሠርቷል» የምትለዋ ነገር ናት። ገጻችሁ ላይ «አያቱ በተወለደ ቀን ቅቤ አቀመሱት፣ ምንም አልሆነም» ብላችሁ ብትጽፉ ወግ ነው። ሰው ይስቃል፣ የራሱን ታሪክ ይጨምርበታል፣ ያልፋል። ይህንኑ ወግ ገንዘብ ከፍላ ለገባች የመጀመሪያ ልጇን ለታቀፈች ልጅ «ትምህርት ሦስት» ብላችሁ ስትሰጧት ግን መመሪያ ሆነ። እሷ አታጣራም። ለምን ታጣራለች? ከፍላለች እኮ!

አንዷ ስለ ጉንፋን ስታስተምር «ማር በሎሚ ስጡት» ብላ የልጁን ዕድሜ ሳትጠቅስ አለፈች። ማታ ግሩፑ ውስጥ አንዲት ተማሪ «የኔ ሰባት ወሩ ነው፣ ስንት ማንኪያ ልስጠው?» ብላ ጻፈች። አስተማሪዋ ተኝታለች። እንደ አጋጣሚ እኔ አየሁትና «እንዳትሰጪው» ብዬ መለስኩ። ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። አራስ ልጅም እስከ 6 ወር ከእናቱ ጡት ሌላ፣ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር፣ ቅቤም አብሽም ውሃም አያስፈልገውም። እንጥል ማስቆረጥንማ እንደ «የባህል አማራጭ» ያቀረበች አይቼ ቃል አጣሁ። የስልክና የቲቪ ነገር እንኳን በግምት የሚወራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ከ2 ዓመት በታች ላለው ጭራሽ ባይሆን ይመረጣል ይላል። ስለዚህ የጤና ነገር ያለበትን ትምህርት ከመልቀቃችሁ በፊት ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት። በነፃ አትለምኑ፣ ክፈሉት። ሐኪም የማትከፍሉ ከሆነ ርዕሱን ተዉት፤ ስለ እንቅልፍ ሰዓትና ስለ ተረት ብቻ አስተምሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም።

«የልጅ አስተዳደግ ሙሉ ኮርስ» አትሽጡ። ማን ነው ሙሉውን የሚፈልገው? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅ እሹሩሩ የምትል እናት ስለ ጉርምስና መስማት አትፈልግም፣ ማስተኛት ነው የምትፈልገው። አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ያዙ። አሜሪካ ያለች አንዲት እናት «በአማርኛ እጠራዋለሁ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል» ካለቻችሁ ኮርሱ እሱ ነው። ርዕሱንም ራሷ በተናገረችበት ቃል ጻፉት፤ «የሁለት ቋንቋ ክህሎት ማዳበሪያ» ብላችሁ ስታሳምሩት ለእሷ እንደሆነ አይገባትም።

ተከታይ ተማሪ አይደለም። ሰው ገጻችሁን የሚያየው የእናንተን ልጅ ወዶ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ለራሱ ልጅ ነው። «ኮርስ ብጀምር ትገባላችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ሁሉም «እንዴታ!» ይላል፣ ልብ ይልክላችኋል። ላይክ ጤፍ አይገዛም። ምንም ሳትቀርጹ በፊት አንድ ቅዳሜ የቀጥታ ትምህርት አዘጋጁ፣ ትንሽ አስከፍሉ፣ ከፍሎ የገባውን ቁጠሩ። አምስት ሰው ከሆነ በአምስት ሰው ጀምሩ። ቪዲዮ ጨርሰው ገዢ የሚጠብቁትን ግን ከልቤ ነው የማዝንላቸው፣ ብዙ ሌሊት አጥፍተውበታል።

ረጅም ቪዲዮ አትልቀቁ። እናት ትምህርቱን የምትከታተለው ልጁ ከተኛ በኋላ፣ በሞባይል ዳታ፣ አንድ ጆሮዋን ወደ መኝታ ቤት አድርጋ ነው። የድምፅ ቅጂና አጭር ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወጥ እያማሰለችም ትሰማዋለች።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ስክሪንሾት አትመኑ። የክፍያ ደረሰኝ በስልክ ተቀይሮ ይላካል፣ ያውም ስሙና ሰዓቱ ተስተካክሎ። ከቴሌብር ወይም ከባንኩ ለራሳችሁ የደረሰውን መልእክት አይታችሁ፣ የግብይት ቁጥሩን አመሳክራችሁ ነው ሰው ወደ ግሩፑ የምታስገቡት። ውጭ አገር ላሉት ቀድማችሁ አስቡ፤ ስትራይፕ የሚባለው የኦንላይን ክፍያ ተቀባይ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ንግድ አካውንት አይከፍትም፣ ኮርሱ ከተከፈተ በኋላ «እንዴት ልላክልሽ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ እንዳትደናገጡ። ንግድ ፈቃድና ግብር? ገንዘቡ በግል ሂሳባችሁ ከመከመሩ በፊት የሒሳብ ባለሙያ ጠይቁ።

የተማሪ ልጅ የእናንተ ማስታወቂያ አይደለም። አንዲት እናት ልጇ አልጋ ላይ ሽንት እንደሚያመልጠው ለግሩፑ ትጽፋለች፣ በሳምንቱ «ተሻለው፣ ተመስገን» ትላለች። አስተማሪዋ ደስ ብሏት ያንን ስክሪንሾት ከነስሙ፣ ከነልጁ ፎቶ ትለጥፈዋለች። ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ የክፍል ጓደኞቹ ወላጆች ያዩታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላማ «አላወቅኩም» የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ስሙንና ፎቶውን ከላዩ ላይ አጥፉት። ስለ ራሳችሁ ልጅም አስቡበት፤ የሁለት ዓመት ሕፃን እያለ የሚያስቀው ቪዲዮ አሥራ ሁለት ሲሞላው ያናድደዋል።

በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ኮርስ አትክፈቱ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ በዓል። ኪሱ ባዶ ነው።

ሰዓት ስትጽፉ የየት አገር እንደሆነ ጻፉ። የአዲስ አበባን የከሰዓት 11 «ቅዳሜ በ11 ሰዓት» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ዋሽንግተን ያለችው ጠዋት በ11 ገብታ ክፍሉን ባዶ ታገኘዋለች፤ ትምህርቱ እዚያ በበጋቸው ጠዋት በ10 ተጀምሮ አልቋል። ይባስ ብሎ የእነሱ ሰዓት በማርችና በኖቬምበር ይቀየራል፣ የአዲስ አበባ አይቀየርም። ልዩነቱ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 8። አውሮፓ የሚቀይረው ደግሞ በሌላ ሳምንት ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ከትምህርቱ አንድ ቀን ቀድማችሁ ለእያንዳንዱ ከተማ ሰዓቱን ጽፋችሁ ላኩ፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑንም ጨምሩበት።