የባቲው መልዕክት ለምን ዘገየ? የክሮን ችግርና መፍትሄ

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ለከብት ነጋዴዎች ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የዋጋ መልዕክት እንዲልክ አንድ ፕሮግራም ሠራሁ። ደሴ ሆኜ ስልኬን ስጠብቅ መልዕክቱ የገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሰው ሸጦ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲያቀና የሚመጣ ዋጋ ለማን ይጠቅማል? በጣም ነው ያዘንኩት።

ሥራን በተወሰነለት ሰዓት የሚያስነሳው ፕሮግራም ክሮን ይባላል። ለሱ የጻፍኩለት መስመር ይህ ነበር፦

0 12 * * 1

ከግራ ጀምራችሁ አንብቡት፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። ኮከብ "ሁሉም" ማለት ነው። እሑድ 0፣ ሰኞ 1 ነው። ጥፋቱ 12 ላይ ነው። ለኮምፒውተሩ 12 ማለት እኩለ ቀን ነው። የኪራይ ሰርቨር (ፕሮግራሙ የሚሠራበት የተከራየነው ኮምፒውተር) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ ከኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የሱ 12 ለኛ ከቀኑ 9 ሆነ ማለት ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ ቀይሩ፤ ጠዋት 12 የነሱ 6 ነው። ከዚያ 3 ቀንሱ።

0 3 * * 1

ሰርቨሩ በየትኛው ሰዓት እንደሚሄድ ለማወቅ "ዴት" (date) የሚለውን ትዕዛዝ ስጡት፤ በግምት አትሂዱ። ሌሊት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በዩቲሲ ገና እሑድ 23 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰኞ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሥራው የሚነሳው ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ትክክሉ ይህ ነው፦

0 23 * * 0

መልዕክቱ በየደቂቃው ከጎረፈ? የመጀመሪያው ቦታ ላይ ከ0 ይልቅ ኮከብ ገብቷል። 60 መልዕክት ለአንድ ነጋዴ! በ0 ተኩት።

የወሩን የመጀመሪያ ሰኞ ፈልጋችሁ በየሰኞው ከሠራስ? 0 3 1 * 1 ማለት "በወሩ 1ኛ ቀን ወይም ሰኞ" ነው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አይጠይቅም። 0 3 1-7 * * (ከወሩ 1ኛ እስከ 7ኛ ቀን) ጻፉና ቀኑ ሰኞ መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ይፈትሽ።

ደመወዝ በኛ ወር 30 ለሚከፍል ሰው ግን ክሮን ብቻውን አይበቃም። መስከረም 30 እና ጥቅምት 30 በፈረንጅ የተለያየ ቀን ላይ ይውላሉ፤ ጳጉሜም አለች። አብሽሩ፣ መላ አለው፦ ሥራውን በየቀኑ አስነሱት፤ ፕሮግራሙ የኢትዮጵያን ቀን አስልቶ 30 ካልሆነ ዝም ብሎ ይውጣ።