የሪሞት ዴስክቶፕ ላይሰንስ፦ 120 ቀኑ ሳያልቅ

ሰዎች ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ በሪሞት ዴስክቶፕ (ከሌላ ኮምፒውተር ሆነው በርቀት) ገብተው እንዲሠሩ ካሰባችሁ የላይሰንሱን ነገር ከወዲሁ ጨርሱት። ሰርቨሩን ለማስተዳደር ብቻ ከሆነ በአንድ ጊዜ 2 ሰው ያለ ተጨማሪ ላይሰንስ መግባት ይችላል። ከዚያ ውጭ ግን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም መሣሪያ አርዲኤስ ካል (የሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ ፈቃድ) ያስፈልጋል። ይሄ ተራውን የዊንዶውስ ሰርቨር ካል አይተካም፤ ሁለቱም መኖር አለባቸው።

የሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎቱ ሲጫን የ120 ቀን የእፎይታ ጊዜ አለው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሁሉም ነገር ስለሚሠራ ይረሳል፤ ቀኑ ሲያልፍ ሰርቨሩ አላስገባም ይላል።

በተጠቃሚ ወይስ በመሣሪያ? አንዱ ሰው ከቢሮም፣ ከቤትም፣ ከላፕቶፕም የሚገባ ከሆነ በተጠቃሚ። የፈረቃ ሠራተኞች አንድ ኮምፒውተር የሚጋሩ ከሆነ በመሣሪያ ያዋጣል። ሰርቨሩ ዶሜይን (የድርጅቱ ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት ኔትወርክ) ውስጥ ከሌለ ግን ብዙ አታስቡ፣ የመሣሪያውን ውሰዱ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ላይ ያለ ዶሜይን በተጠቃሚ ካደረጋችሁት በየ60 ደቂቃው ያቋርጣችኋል፤ ያሰለቻል።

ስትገዙ ስሪቱንም እዩ። የ2022 ካል ለ2019 ሰርቨር ያገለግላል፣ የ2019ኙ ግን ለ2022 አይሆንም። ላይሰንሱን የሚያድለው ሰርቨርም ከካሉ ስሪት ያነሰ መሆን የለበትም።